ፋራዴይ፤ ከብረት ቀጥቃጭ ቤት እስከ ቀዩ ወርቅ

በዛሬዎቹ ቤተ ሙከራዎች ከሚከናወኑት የረቀቁ ልኬቶች አንዱ እንዲህ ያለ ነው። ከአንድ ሌዘር የወጣ ጨረር በመስተዋት ለሁለት ይከፈላል፤ ሁለቱ ክፋዮችም በጠባብ ማዕዘን ተጠማዘው የጽሕፈት ቀለም በሚመስል ጥቁር ፈሳሽ ውስጥ እንደገና ይገናኛሉ። ፈሳሹ ውሃ ወይም ዘይት ሲሆን፣ ጥቁረቱን የሚሰጠው በውስጡ የተበተነው ማግኔታይት የተባለው የብረት ኦክሳይድ ነው። የእያንዳንዱ ቅንጣት ስፋት 10 ናኖሜትር ያህል በመሆኑ በተራ ማይክሮስኮፕ ሊታይ አይችልም። ሁለቱ ጨረሮች በተገናኙበት ሥፍራ ሞገድ በሞገድ ላይ ሲደረብ አንዱ ቦታ ይደምቃል፤ ከጎኑ ያለው ይጨልማል። በዚህም ምክንያት በፈሳሹ ውስጥ እንደ ጥበብ ጥለት የተደረደሩ የብርሃንና የጨለማ መስመሮች ይፈጠራሉ። ተመራማሪው ቅንጣቶቹን ሳያያቸው መጠናቸውን፣ አካሄዳቸውንና ማግኔት ሲቀርባቸው የሚያሳዩትን ጠባይ የሚያነበው ከነዚህ መስመሮች ነው።

በዚህ አንድ ሙከራ ውስጥ ሦስት ሐሳቦች ተገናኝተዋል። ብርሃን ከብርሃን ጋር ተደርቦ ጨለማን ሊወልድ እንደሚችል ያስተማረው በ19ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ያንግ ነው። ማግኔት በብርሃን ላይ ሥልጣን ያለው መሆኑ ሁለተኛው ሐሳብ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ብረታ ብረት ከዓይን እስኪሰወር ድረስ ደቅቆ በፈሳሽ ውስጥ ሲንሳፈፍ ለብርሃን የሚያሳየው ልዩ ጠባይ ነው። እነዚህ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የፈለቁት ለንደን ውስጥ በአልበማርል መንገድ ከሚገኝ ከአንድ ሕንፃ ምድር ቤትና ከአንድ ሰው እጅ ነው። ማይክል ፋራዴይ በባለሙያዎች ዘንድ የሚታወቀው የኤሌክትሪክ ማመንጫንና ትራንስፎርመርን በወለደው ግኝቱ ነው፤ ስለዚያም ብዙ ተጽፏል። ለማግኔትና ለብርሃን ሲል የደከመበት ዘመን ግን፣ በተለይም ጤናው ከታወከ በኋላ ያለው፣ የሚገባውን ያህል አልተነገረለትም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፋራዴይ የተወለደው መስከረም 22 ቀን 1791 ዛሬ የለንደን አካል በሆነችው በኒዊንግተን ነው። አባቱ ጄምስ ከሰሜን እንግሊዝ የመጣ፣ ጤና የራቀው ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ቤቱ ድሀ ሲሆን፣ ቤተሰቡ የነበረበት የሳንደማናውያን ማኅበር ደግሞ አባላቱ ሀብት እንዳያከማቹ የሚያስተምር ትንሽ የክርስቲያን ጉባኤ ነበር። ልጁ ንባብና ጽሕፈት፣ ጥቂትም ሒሳብ ከመማር በላይ የትምህርት ዕድል አላገኘም። በ1804 ጆርጅ ሪቦ በሚባል መጽሐፍ ሻጭና ጠራዥ ዘንድ ተላላኪ ሆነ፤ በተከታዩ ዓመት ሰባት ዓመት የሚፈጅ የጥረዛ ሙያ ተማሪነት ጀመረ።

ለጥረዛ የመጡትን መጻሕፍት ከመስፋቱ በፊት ማንበቡ ሕይወቱን ለወጠው። በኢንሳይክሎፒዲያ ብሪታኒካ ስለ ኤሌክትሪክ የተጻፈውን፣ ጄን ማርሴት ስለ ኬሚስትሪ ያዘጋጀችውንም መጽሐፍ ካነበበ በኋላ በትርፍ ሳንቲሙ የሙከራ ዕቃ መግዛት ያዘ። በ1812 አንድ የሪቦ ደንበኛ በሰጠው መግቢያ የታዋቂውን ኬሚስት የሃምፍሪ ዴቪን ንግግሮች በሮያል ኢንስቲትዩሽን ተገኝቶ አዳመጠ። የሰማውን ሁሉ በጥንቃቄ ገልብጦ፣ ሥዕሉን ሥሎ፣ በሙያው መሠረት ራሱ ጠርዞና ደጉሶ ለዴቪ ላከለት። የጥረዛ ሙያው ለምን እንደጠቀመው ሲታሰብ፣ ያ ጥራዝ ብቻውን በቂ መልስ ነው። ዴቪም ትንሽ ቆይቶ በመጋቢት 1813 የቤተ ሙከራ ረዳት አድርጎ አስቀጠረው።

ከዚያ ወዲያ የነበሩት ዓመታት ሞገስና ውርደት የተቀላቀሉባቸው ነበሩ። ከ1813 መጨረሻ እስከ 1815 ዴቪን ተከትሎ ፈረንሳይንና ጣሊያንን ሲጎበኝ አምፔርንና ቮልታን ለማየት በቃ፤ የዴቪ ባለቤት ግን ከአገልጋይ ለይታ አታየውም ነበር። በ1821 ሣራ ባርናርድን አገባ፤ ልጅ አልወለዱም። በዚያው ዓመት ኮረንቲ የሚተላለፍበት ሽቦ በማግኔት ዙሪያ ሳያቋርጥ እንዲሽከረከር በማድረግ የኤሌክትሪክ ሞተርን መሠረት ጣለ፤ ነገር ግን የሌላ ሰው ሐሳብ ወሰደ የሚል ሐሜት ተከተለው። ለሮያል ሶሳይቲ አባልነት ሲታጭም የማኅበሩ ፕሬዚዳንት የነበረው ዴቪ ራሱ ተቃወመው። ሆኖም በጥር 1824 ተመረጠ። ፋራዴይ ስለ ዴቪ ክፉ ሲናገር አልተሰማም፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

ለዚህ ታሪክ ዋና የሆነው ግን አንድ ከንቱ የመሰለ ሥራ ነው። ከ1825 ጀምሮ ፋራዴይ ለቴሌስኮፕ ምስሪት የሚሆን ጥሩ መስተዋት እንዲያቀልጥ በመንግሥትና በሮያል ሶሳይቲ ታዘዘ። እቶኑን ቀንና ሌሊት የሚጠብቅለት ቻርልስ አንደርሰን የተባለ የቀድሞ የመድፈኛ ጦር ሃምሳ አለቃ በ1827 ተቀጠረለት። ይህ ሰው የታዘዘውን እስከ መጨረሻው በመፈጸም የታወቀ ነበር፤ እስኪሞት ድረስም የፋራዴይ ብቸኛ ረዳት ሆኖ ኖረ። በእርሳስ፣ በቦሪክ አሲድና በሲሊካ የተሠራው ከባድ መስተዋት ግን ለታሰበለት ዓላማ አልጠቀመም፤ ዓመታት ከፈሰሱበት በኋላ ሥራው በ1830 ገደማ ተቋረጠ። ፋራዴይ የመስተዋቱን ቁርጥራጮች አልጣላቸውም። በመደርደሪያ አስቀምጧቸው ወደ ሌላ ሥራው ሄደ።

ነሐሴ 29 ቀን 1831 በአንድ የብረት ቀለበት ላይ ሁለት የመዳብ ሽቦ ጥቅሎች ጠቅልሎ፣ በአንደኛው ኮረንቲ ሲጀመርና ሲቆም በሌላኛው ላይ ቅጽበታዊ ኮረንቲ እንደሚፈጠር አየ። በ1833 እና በ1834 የኤሌክትሮሊሲስን ሕጎች አወጣ። በነዚህ ዓመታት የሠራው ሥራ ብዛት ለአሥር ሰው ይበቃ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ውጤቱ ግን በአካሉ ታየ። በ1830ዎቹ መጨረሻ ራስ ማዞርና የመርሳት ችግር ያስጨንቁት ጀመር፤ የጀመረውን ሐሳብ መጨረስ የሚሳነው ጊዜ በዛ። በ1841 ለወራት ወደ ስዊዘርላንድ ሄዶ ከተራሮቹ ሥር ሲመላለስ ቆየ። የሠራውን ሙከራ መልሶ እንዳይሠራ ሲል የዕለት መዝገቡን አንቀጾች በተከታታይ ቁጥር ይጽፍ ነበር፤ በመጨረሻ ቁጥሩ ከ16,000 አለፈ። ብዙዎች ይህን ሥርዓት የጥንቃቄው ምልክት አድርገው ያወድሱታል፤ በኋለኞቹ ዓመታት ግን ምርኩዝም ሆኖት ነበር።

በ1845 ክረምት ገና 21 ዓመቱ የነበረው ዊልያም ቶምሰን፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው፣ ደብዳቤ ጻፈለት፤ ኤሌክትሪክ የተጨነቀበት ብርሃን አስተላላፊ ነገር በውስጡ በሚያልፈው ብርሃን ላይ ለውጥ ያመጣ እንደሆነ ጠየቀው። ፋራዴይ ይህን ጥያቄ ከዓመታት በፊት ሞክሮ ምንም አላገኘበትም ነበር። የተፈጥሮ ኃይሎች ሁሉ አንድ ሥር አላቸው ብሎ በጥብቅ ያምን ስለነበረ እንደገና ጀመረ። በኤሌክትሪክ የተሞከረው ሁሉ ባዶ ሆኖ ቀረ። ከዚያም ፊቱን ወደ ማግኔት መለሰ።

ሙከራው ሲታሰብ ቀላል ነው። የመብራት ብርሃን ከመስተዋት ላይ እንዲያንጸባርቅ ሲደረግ ርግብግቢቱ በአንድ ጠለል ብቻ ይወሰናል፤ ይህን ብርሃን ኒኮል በሚባል ፕሪዝም አሻግሮ የሚያይ ሰው ፕሪዝሙን ሲያዞር አንድ ቦታ ላይ ብርሃኑ ፈጽሞ ይጠፋበታል። ፋራዴይ ፕሪዝሙን በዚህ የጨለማ ቦታ ላይ አቁሞ በመካከል ልዩ ልዩ ነገር እያስቀመጠ፣ በኃይለኛ ኤሌክትሮ ማግኔት አጠገብ ይመረምር ጀመር። አየር ምንም አላሳየም፤ ተራ መስተዋትም ምንም አላሳየም፤ ክሪስታሎቹም እንደዚሁ። መስከረም 13 ቀን 1845 ያን ከ15 ዓመት በፊት ተስፋ የተቆረጠበትን ከባድ መስተዋት አወረደና በቦታው አኖረው። ኮረንቲው ሲለቀቅ የጠፋው መብራት ታየው፤ ሲቋረጥ ተመልሶ ጨለመ። ማግኔቱ የብርሃኑን የርግብግቢት ጠለል አዙሮታል ማለት ነው። ብርሃንና ማግኔት እንደሚዛመዱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙከራ የታወቀው በዚያ ቀን ነው።

ቀጥሎ ያስተዋለው ከዚህ ያላነሰ ዋጋ አለው። ጨረሩ በመስተዋቱ ውስጥ ሄዶ ተንጸባርቆ ቢመለስ፣ የመመለሻው ዙረት የመሄጃውን አያፈርሰውም፤ ይጨምርበታል። ዛሬ በሌዘር የሚሠራ ሁሉ ከዚህ ባሕርይ ጋር በየዕለቱ ይገናኛል። የራሱ ብርሃን ተንጸባርቆ ወደ ውስጡ የሚመለስበት ሌዘር ሥራው ይታወካል፤ ይህን ለመከላከል በፊቱ የሚቆመው መሣሪያ ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው በፋራዴይ ዙረት ነው። የጨረሮች መደራረብን ለማጥናት የተዘጋጀ ገበታ ላይ ይህ መሣሪያ በብዛት የሚገኝ ሲሆን፣ በስሙም ይጠራል።

በዚያው ዓመት ኅዳር 4 ቀን ያንኑ መስተዋት በሐር ክር አንጠልጥሎ በማግኔቱ ሁለት ዋልታዎች መካከል ሰቀለው። መስተዋቱ እንደ ብረት ከዋልታ ወደ ዋልታ በመቆም ፈንታ በአግድም ተጋደመ፤ ከማግኔቱ የሚሸሽ መሰለ። ፋራዴይ ያገኘውን ሁሉ ሥጋና ዳቦ ሳይቀር እየሰቀለ ሲሞክር፣ ቁስ ሁሉ በማግኔት መሳብ ወይም መገፋት እንዳለበት ተረዳ። ወደ ፈሳሽም ተሻገረ። የብረት ሰልፌት በውሃ አሟሙቶ ቀጭን ቱቦ ሞላና ቱቦውን በሌላ የብረት ሰልፌት ፈሳሽ ውስጥ አንጠለጠለ። በውጭ ያለው ፈሳሽ ከውስጡ ይልቅ ቀጭን ሲሆን ቱቦው ወደ ማግኔቱ ተሳበ፤ የውጭው ሲወፍር ግን ያው ቱቦ ተገፋ። መሳቡም ሆነ መገፋቱ ነገሩን ከከበበው ጋር ሲመዛዘን የሚታወቅ እንጂ ለብቻው የተቆረጠ አለመሆኑን በዚህ አስረዳ። ዛሬ በማግኔት ፈሳሽ ውስጥ ልዩ ልዩ ማዕድናትን በክብደታቸው መለየት የሚቻለው በዚሁ መንገድ ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለው የድል ታሪክ ነው። በ1856 የጀመረው የወርቅ ምርምር ግን በራሱ በፋራዴይ ዓይን ድል አልነበረም።

ዕድሜው 64 ደርሷል፤ ማስታወስ እየተሳነው ሄዷል። ለወዳጁ ለባዝሉ ኬሚስት ለሾንባይን ሲጽፍ፣ ከዚህ የከበደ ነገር ለመያዝ ጭንቅላቱ ብቁ ሆኖ ስላልታየው በወርቅ ላይ እንደቆየ ገልጾለታል። ይሁን እንጂ የመረጠው ጥያቄ የደከመ ሰው ጥያቄ አይደለም። የብርሃን ሞገድ ርዝመቱ ታውቋል። ወርቅ ደግሞ ተቀጥቅጦ ተቀጥቅጦ ከአንድ ኢንች 282,000ኛ ክፍል እስኪሆን ድረስ የሚሳሳ ማዕድን ነው፤ ይህም ከሞገዱ ርዝመት በጥቂት እጥፍ ያነሰ ነው። እንግዲህ ከሞገዱ ያነሰ ቁስ በሞገዱ መንገድ ላይ ቢቆም ብርሃኑ ምን ይሆናል? ያንን ያየ ሰው የብርሃንን ውስጣዊ ጠባይ ሊረዳ ይችል ይሆናል የሚል ተስፋ ነበረው።

በወዳጁ በዋረን ዴ ላ ሩ እርዳታ ቅጠሉን የበለጠ አሳሳው፤ በፎስፈረስ ተን አማካይነትም ከወርቅ ክሎራይድ ውሃ ላይ እንደ እርጎ ገጽ የሚንሳፈፍ ስስ የወርቅ ስልባቦት ሠራ። ሥራው ሲጠናቀቅ በዕቃው የቀረው እጣቢ ጥቂት ቀለም እንደያዘ አስተዋለ። ሌላ ሰው ደፍቶት ያልፍ ነበር። ፋራዴይ ግን እጣቢውን አስቀመጠና ምን እንደሆነ መረመረ። በኋላም ሆን ብሎ ወርቅ የሟሟበትን ውሃ በካርቦን ዳይሰልፋይድ ከሟሟ ፎስፈረስ ጋር እያዋሐደ እንደ ሩቢ ዕንቁ የቀላ ፈሳሽ አዘጋጀ።

ፈሳሹ ለዓይን ጥርት ያለ ነው፤ በውስጡ አንዳች ዱቄት አይታይም። ፋራዴይ የፀሐይን ብርሃን በምስሪት ሰብስቦ ወደ ጠርሙሱ አሳለፈ፤ ከጎን ሲመለከት የብርሃኑ ሾጣጣ መንገድ በፈሳሹ ውስጥ ቦግ ብሎ ታየው። በጨለማ ቤት በመስኮት ቀዳዳ የገባ ጨረር በአቧራ እንደሚታይ ሁሉ፣ በዚያም ብርሃኑን የሚበትን ነገር አለ ማለት ነው። ያ ነገር ደቅቆ የተበተነ ወርቅ እንጂ ሌላ ውሁድ አለመሆኑን በልዩ ልዩ መንገድ አረጋገጠ። ጥቂት የገበታ ጨው ሲጨምርበት ቀዩ ወደ ሰማያዊነት ተለወጠ፤ ውሎ አድሮም ዘቀጠ። ጄላቲን አስቀድሞ ከገባበት ግን ጨው አልበገረውም። ፋራዴይ ለውጡን ወርቁ ሌላ ነገር በመሆኑ ሳይሆን ቅንጣቶቹ በመጠጋጋታቸው ተረጎመው። ቶማስ ግራም ኮሎይድ የሚለውን ስም ያወጣው ከዚህ በኋላ በ1861 ነው፤ ስለዚህ ፋራዴይ ይህን ሁሉ ሲናገር ለነገሩ ገና ስም አልነበረውም።

የካቲት 5 ቀን 1857 ውጤቱን ለሮያል ሶሳይቲ አቀረበ። ቅንጣቶቹ ትንንሽ ናቸው ከማለት በቀር መጠናቸውን መለካት አልቻለም፤ የቀለሙንም ምክንያት አላገኘም፤ ስለ ብርሃን ባሕርይ ያሰበው ትልቅ መልስም አልመጣም። ከአንድ ዓመት ድካም በኋላ በእጁ የቀረው ጥቂት ባለቀለም ጠርሙስ ብቻ መስሎት ነበር። ከዚህ ፍርዱ ጋር የሚስማማ ዛሬ ማንም የለም። ጉስታቭ ሚ በ1908 የማክስዌልን እኩልታዎች ለሉል ቅንጣት አስልቶ ቀዩ ቀለም ከየት እንደመጣ አሳየ፤ ማክስዌል ደግሞ እኩልታዎቹን የገነባው የፋራዴይን የኃይል መስመሮች ወደ ሒሳብ በመተርጐም ነው። ስለዚህ መልሱ የተሠራው ከራሱ ከፋራዴይ ሐሳብ ነው ማለት ይቻላል። በእርሱ ዘዴ እንደገና የተዘጋጁ ፈሳሾች በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታዩ ቅንጣቶቹ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ሆነው ተገኝተዋል። በእርግዝና መመርመሪያ ወረቀት ላይ የምትታየው ቀይ መስመር አብዛኛውን ጊዜ ይኸው የወርቅ ቅንጣት ናት።

ወርቅ ማግኔት አይስበውም። ፋራዴይ በአንድ በኩል የማግኔት ፈሳሽን፣ በሌላ በኩል የብረታ ብረት ቅንጣትን ይዞ ሁለቱን አንድ አላደረጋቸውም። ያን ያደረገው የጠፈር ምርምር ዘመን ነው፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የጠፈር ድርጅት የሚሠራው ስቲቨን ፓፔል ክብደት በሌለበት ሥፍራ የሮኬት ነዳጅን በማግኔት ለመሳብ ሲል የደቀቀ ማግኔታይት በነዳጅ ውስጥ በተነ። ቅንጣቶቹ እንዳይጣበቁ የሚለብሱት ስስ የዘይት አሲድ ሽፋን፣ ጄላቲን ለፋራዴይ ወርቅ ያደረገውን ያደርግላቸዋል። ሌዘርም በ1960 ተፈጠረ።

ወደ መጀመሪያው ሙከራ ስንመለስ፣ 532 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያላቸው ሁለት አረንጓዴ ጨረሮች በ6 ዲግሪ ማዕዘን ቢገናኙ በመስመርና በመስመር መካከል የሚኖረው ርቀት 5 ማይክሮሜትር ያህል ነው። በደመቀው መስመር ላይ ያለው ፈሳሽ ጥቂት ይሞቃል፤ ቅንጣቶቹም በሙቀቱ ልዩነት ምክንያት ከቦታቸው ይንቀሳቀሳሉ፤ ሌላ ደካማ ጨረር ሲላክባቸው ከተደረደሩት መስመሮች ላይ ተበትኖ ይወጣል። አረንጓዴው ብርሃን ሲጠፋ ሰልፉ ይፈርሳል። በውሃ ውስጥ ላለ 10 ናኖሜትር ቅንጣት ይህ የሚፈጀው 15 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ነው፤ ቅንጣቱ ከተለቀ ወይም ከሌሎች ጋር ከተጣበቀ ይዘገያል። የማግኔት መስክ ሲጨመር ደግሞ መስመሮቹ በመስኩ አቅጣጫና ከመስኩ ጋር በአግድም የሚፈርሱበት ፍጥነት ይለያያል፤ መስኩ ከበረታ ቅንጣቶቹ እየተያያዙ ሰንሰለት ይሠራሉና። ፋራዴይ በወረቀት ላይ በነሰነሰው የብረት ሙራጅ ያየው ሰልፍ በናኖሜትር ደረጃ ተደገመ ማለት ነው።

ፋራዴይ ከወርቁ በኋላ ብዙ አልሠራም። የሮያል ሶሳይቲን ፕሬዚዳንትነት ሲያቀርቡለት አልተቀበለም። በ1858 ንግሥት ቪክቶሪያ በሃምፕተን ኮርት መኖሪያ ቤት ሰጠችው። መጋቢት 12 ቀን 1862 የመጨረሻውን ሙከራ አደረገ፤ በማግኔት ዋልታዎች መካከል የእሳት ነበልባል አኑሮ፣ ሶዲየምና ሌሎች ጨዎች የሚሰጡት የብርሃን መስመር ይለወጥ እንደሆነ በስፔክትሮስኮፕ ተመለከተ። ምንም ለውጥ አላየም፤ ይህንኑም በመዝገቡ ጻፈ። ጥያቄው ትክክል ሲሆን መሣሪያው አልበቃውም ነበር። ሆላንዳዊው ፒተር ዜማን ፋራዴይ ይህን መሞከሩን አንብቦ፣ እርሱ የሞከረው ነገር ዳግም መታየት ይገባዋል ብሎ በ1896 በተሻለ መሣሪያ ሲመለከት መስመሩ ሰፍቶ አገኘው፤ በ1902ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለበት።

ሃምሳ አለቃ አንደርሰን በ1866 ሞተ። ፋራዴይ ነሐሴ 25 ቀን 1867 በሃምፕተን ኮርት ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሳለ ዐረፈ፤ እንደ ማኅበሩ ሥርዓት ያለ ብዙ ክብር በሃይጌት መቃብር ተቀበረ። ካዘጋጃቸው የወርቅ ፈሳሾች የተረፉት ጠርሙሶች ዛሬም በሮያል ኢንስቲትዩሽን ይገኛሉ፤ ወርቁ አልዘቀጠም፤ ቀለሙም እንደቀላ ነው።